የጉልላቱ ምስክር

አባ ልስልስ በሕይወቱ የማይችላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ውሸት መስማትና ስንጥቅ ማየት። ውሸቱን እንኳ ከዕድሜ ጋር እንደ ምንም ተላምዶታል። ስንጥቅ ካየ ግን እጁ አይቀመጥም። ሻይ ሊጠጣ በገባበት ቤት ግድግዳው ተልጦ ካየ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ጣቱ ያንን ቦታ ሳይዳብስ አይወጣም። ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ፣ ሐዘንተኞቹን ሳያጽናና "ይህን ግድግዳ ማነው የለሰነው?" ብሎ የጠየቀበት ቀን አለ። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ አልቀው፣ አሁን በዋናው ስሙ ቢጠሩት ዞር ብሎ ማን እንደተጠራ የሚፈልግ ሰው ሆኗል።

ልጁም የእሱው ናት። ሌላ ልጅ አልነበረውምና ሙያውን ለእሷ አወረሳት፤ ጄሶ መበጥበጥ፣ መቅረጽ፣ ማለስለስ ከእግሩ ሥር ሆና ተማረች። ዛሬ የአሮጌ ሕንፃዎችን ጌጥ እየጠገነች የምትኖር ጎልማሳ ሴት ናት። በየገባችበት አንገቷን ቀና አድርጋ ጣሪያ ጣሪያውን ስለምታይ የሥራ ባልደረቦቿ "ስንጥቄ" ይሏታል። አትቆጣም። ከአባ ልስልስ ልጅ ደግሞ ምን ይጠበቃል?

ይዛው የነበረው ሥራ የአንድ አሮጌ መስጊድ ነው። ከውጭ ላየው ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ ግራጫ ድንጋይ፣ ቁመቱ የማያኮራ ሚናራ፣ ዝናብ ያወየበው ግድግዳ። ጫማውን አውልቆ የገባ ሰው ግን አፉን ከፍቶ ይቀራል። አዳራሹ አራት ማዕዘን ነው፤ ጉልላቱ ክብ ነው። በክቡና በአራት ማዕዘኑ መካከል፣ በአራቱም ጥግ፣ ከጄሶ የተሠሩ ትንንሽ ጎጆዎች አንዱ ሌላውን እያዘለ፣ እንደ ንብ ቀፎ ተደራርበው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሙቀርነስ ይባላል። ከእሱ በላይ የመስኮቶች ቀለበት አለ። ጠዋት ፀሐይ በእነዚያ መስኮቶች ስትገባ ብርሃኑ ጉልላቱን ከግድግዳው ለይቶ ያነሳውና ያ ሁሉ ድንጋይ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል።

ይመስላል ነው እንጂ ድንጋይ አየር ላይ አይንጠለጠልም። ሌላው ሰው ውበቱን ሲያይ ስንጥቄ ክብደቱን ታያለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጉልላት ሥር ቆማ ሳትፈራ ቀርታ አታውቅም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የአናጺ ልጅ እንጨት ፈራች ቢባል ማን ያምናል?

አባቷ ግን አይፈራም። ወጣት ሳለ ከአንድ የግንበኞች ቡድን ጋር አገር ላገር ዞሮ ስንቱን መስጊድ ለስኗል።

"አንድ አገር አለ" ይላታል፣ "መስጊዱ እንዳለ ጭቃ ነው። ዝናብ በየዓመቱ ያጥበዋል። ታዲያ በየዓመቱ ከተማው ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል፣ ጭቃ ተሸክሞ ይወጣና በመዳፉ ይለስነዋል። ሌላ አገር ደግሞ ዓምዱ እንደ ጫካ ነው፤ ቅስቱ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ነጭ፤ ገብተሽ መውጫው ይጠፋሻል። ሌላ ቦታ ግድግዳው ሰማያዊ ሸክላ፤ ከሰማዩ ለይተሽ አታዪውም። እኔ የምልሽ ልጄ፣ ሁሉም ይሰነጠቃል። ያልተሰነጠቀ መስጊድ አላየሁም። መስጊድ የሚቆመው በድንጋይ መስሎሻል? በመዳፍ ነው የሚቆመው።"

እንዲህ ሲያወራ የሰማ ሰው 'አእምሮው እንደ ምላጭ ነው' ይላል። ምሳውን መብላቱን ግን አያስታውስም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እየባሰበት ሄዶ፣ አንዳንድ ቀን በሩን እያየ "እናትሽ ዛሬስ ዘገየች" ይላል። ቤት ብትተወው ምድጃ ለኩሶ ይረሳል፤ በር ከፍቶ ይጠፋል። ስለዚህ ስንጥቄ ወደ ሥራ ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች። መስጊዱ ቤቱ ነው፤ ከአራቱ ጥግ የአንዱን ሙቀርነስ በጎልማሳነቱ ራሱ አድሶታል። እጁ ሥራ ሲያጣ ስለሚበሳጭ፣ በትንሽ ሳህን ጄሶ በጥብጣ ማለስለሻውን ስፓቱላ ታስይዘውና ወደ ጉልላቱ የሚወጣውን ጠባብ ደረጃ ታሳየዋለች። የደረጃው ግድግዳ የተቦረቦረ ነው፤ ማንም አያየውም፤ ቢበላሽም የሚጎዳ የለም። "ይህን ለስንልኝ አባ።" እሱም እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ይወጣል። እሷም እፎይ ብላ ታች ሥራዋን ትሠራለች።

ጉልላቱ ታሞ ነበር። አንድ ስንጥቅ ከመስኮቶቹ ቀለበት ተነስቶ፣ አባ ልስልስ ወዳደሰው ጥግ ወርዶ፣ መስጊዱ ለሰጋጅ ተዘግቶ ከርሟል። መሠረቱ ተጠናከረ፤ ቀለበቱ በብረት ታሰረ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ ያዘዘው ምስክር ነው። ምስክር ማለት በስንጥቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚለጠፍ ስስ የጄሶ ቁራጭ ነው፤ የተለጠፈበት ቀን ይጫርበታል። ጄሶ አይለጠጥም። ግድግዳው የፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ ጠቅ ብሎ ይሰበራል። ምስክሩ ከተሰበረ ሕንፃው እየሄደ ነው፤ ካልተሰበረ ተረጋግቷል። በሙያው ሕግ የተሰበረ ምስክር አይነካም፤ እንደተሰበረ ይታያል፣ ይነገራል፣ አጠገቡ አዲስ ይለጠፋል። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው። ገና ልጅ ሆና አንዱን ልታለሰልስ ስትል እጇን በስፓቱላው ጀርባ መታት፦

"ምስክር የደፈነ እጅ ሬሳ ገነዘ! ሰምተሻል?"

ሰምታለች። እስከ ዛሬ ይሰማታል።

ምስክሮቹን ራሷ ለጠፈች። ዝናቡ መጣ፣ አለፈ፤ ፀሐዩ ተተካ፤ ምስክሮቹ ንክች አላሉም። ስንጥቄ በየጊዜው እየወጣች አይታ "ደህና ናቸው" አለች። መሐንዲሱ በእሷ ቃል ተማምኖ ለሥራው የተተከለው የእንጨት መወጣጫ እንዲፈርስ ፈቀደ፤ አዲስ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ለመጪው ጁምዓ መስጊዱ እንዲከፈት ተወሰነ።

የጁምዓ ቀን ሰው ገና ከረፋዱ መጉረፍ ጀመረ። ጫማ ጠባቂው በሩ ላይ መደርደሪያውን ወልውሎ፣ "ዛሬ ጫማ የጠፋበት የእኔን ይውሰድ፤ ቁጥሩ ካልሆነው ግን የራሱ ጉዳይ ነው" እያለ ያስቃል። አባ ልስልስ ንጹሕ ነጭ ለብሶ፣ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከፊተኛው መስመር ዳር ተቀምጧል። ልክ ካደሰው ጥግ ሥር። ቀና እያለ ያይና ፈገግ ይላል።

የስንጥቄ ሥራ አልቋል፤ ልቧ ግን አልቀመጥ አላት። "አንዴ ልያቸውና ልውረድ" ብላ ጠባቡን ደረጃ ወጣች። ከላይ ጉልላቱን ከውስጥ የሚዞር፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ፤ በመከታው ላይ ጎንበስ ቢሉ አዳራሹ ከሥር ይታያል። የመጀመሪያው ምስክር ጋ ደረሰች። ድፍን ነው። ቀኑ እንደተጫረ አለ። ልትፈትሸው ሳይሆን፣ እንዲሁ የጎበዝ ልጅ ራስ እንደሚዳበስ፣ መዳፏን አሳረፈችበት።

ቀዘቀዛት።

ለሳኝ ያልሆነ ሰው 'ይህ ምኑ ያስፈራል' ይል ይሆናል። ጄሶ እንደተበጠበጠ ሲጠጥር ይሞቃል፤ ከዚያ ውሃውን ተፍቶ እስኪጨርስ ድረስ ለቀናት ይቀዘቅዛል፤ ሲደርቅ እንደማንኛውም ግድግዳ ነው። ከዝናብ በፊት የተለጠፈ ምስክር ሊቀዘቅዝ አይገባም። ሁለተኛውን ዳበሰች፤ ያው ነው። ሦስተኛውንም ዳበሰች። የእጇ ቅዝቃዜ ወደ ክንዷ የወጣ መሰላት። በጥፍሯ ፋቀችው። ስስ ልጥ ተነሳ። ከሥሩ ስንጥቅ አለ። ከዚያም ሥር ሌላ ልጥ፣ በእሱም ላይ ስንጥቅ። እንደ ሽንኩርት ነው፤ ተሰብሯል ተደፍኗል፣ ተሰብሯል ተደፍኗል። የመጨረሻውን ስትገፍፈው ጥፍሯ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ሙሉ ጥፍሯ ገባ።

በመጀመሪያው ምስክር ላይ የተጫረውን ቀን ደግማ አየችው። ቁጥሩ የእሷ እጅ ጽሕፈት ይመስላል፤ ግን አይደለም። በልጅነቷ ጣቷን ይዞ ቁጥር ያስጻፋት ሰው እጅ ነው። ልዩነቱን ከእነሱ ሁለቱ በስተቀር በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ የለም።

ሳህኑና ስፓቱላው ትዝ አሏት። ማን ሰጠው? እሷ። በየቀኑ እስከ ክንዱ ነጭ ሆኖ፣ ፊቱ በእርካታ አብርቶ ከደረጃው ሲወርድ "ሁሉንም አስተካክዬልሻለሁ" ይላት ነበር። እሷስ ምን ትለው ነበር?

"ጎበዝ አባ።"

ጎበዝ ትለው ነበር!

በዚህ መሐል ከጭንቅላቷ በላይ አንድ ድምፅ ሰማች። ትልቅ አይደለም። ጠቅ። ከዚያ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ከሙቀርነሱ ላይ ወረደ። ታች አንድ ሰውዬ ትከሻውን አራግፎ መቁጠሪያውን መቁጠር ቀጠለ። ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

መከታውን ይዛ ቁጢጥ አለች። መጮህ አማራት፤ ግን መውጫው አንድ በር ነው፤ 'ሊወድቅ ነው' ብላ ብትጮህ ጉልላቱ ከሚገድለው በላይ ሰው ሰውን ረግጦ ይገድላል። ቀጥሎ የመጣላት ሐሳብ የሚያሳፍር ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሟል፤ ሰላቱ አጭር ነው፤ ዝም ብትል፣ ሰዉ ሰግዶ ቢወጣ፣ አባቷ ያደረገውን ማንም ሳያውቅ በኋላ ቀስ ብላ ብትናገርስ? ሰው ሲፈራ የማያስበው የለም፤ አንፍረድባት። ደግሞም ብዙ አልቆየችበትም። ጎንበስ ብላ ስታይ፣ የአባቷን ነጭ ቆብ ልክ ከአቧራው ሥር አየችው። ዓይኖቹ ሽቅብ እሷኑ ያያሉ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም።

ኢማሙ ወደ መካ ከሚያመለክተው የግድግዳ ጎድጓዳ፣ ከሚህራቡ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ሆነው ለጁምዓው ስብከት፣ ለኹጥባው እየተዘጋጁ ነበር። ፊቷን ሲያዩ ተነሱ።

"ምነው ልጄ? ደም የለሽም እኮ።"

"ሰውን ያስወጡልኝ። አሁኑኑ። ጉልላቱ እየሄደ ነው።"

"የምን መሄድ? አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ደህና ነው ያልሽን?"

"ብያለሁ። ምስክሮቹ ተሰብረው ነበር፤ ተደፍነው ነው ያልታየኝ። ጥፍሬ ገባ እኮ ሸኽዬ! ይዩት!" እጇን ዘረጋችላቸው። ጥፍሯ ውስጥ እርጥብ ጄሶ አለ።

"ማነው የደፈነው?"

"እሱን በኋላ። አሁን እለምንዎታለሁ፣ ሰው ይውጣ።"

ኢማሙ ጥፍሯን አዩ። ከዚያ በበሩ ክፍተት አዳራሹን አዩ። ሞልቷል፤ ከኋላም ይገባል፤ አባቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ጠብቀውታል። እሳቸውም ሰው ናቸው፤ ፈርተዋል። ግን የእሳቸው ፍርሃት አስተዋይ ፍርሃት ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ ልክ ለሠርግ እንደሚጠራ ሰው ፈገግ ብለው ወጡ።

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ብዙ ሆናችኋል፤ አልሐምዱሊላህ። ይህ አዳራሽ ለሁላችን አልበቃም። ከፊሉ ውስጥ ከፊሉ ፀሐይ ላይ ከሚሆን ዛሬ ሁላችንም ግቢው ላይ አንድ ሆነን እንሰግዳለን። ምድር ሁሉ መስገጃ ናት። ከበሩ አጠገብ ያላችሁ ቀድማችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ጫማችሁን ይዛችሁ ውጡ። የቸኮለ የሌላውን ጫማ አድርጎ ይሄዳል።"

ሰዉ ሳቀ። አጉረመረመም። "አዲስ ምንጣፍ አንጥፎ ውጡ ይላል እንዴ?" ያለም አለ። ግን ተነሳ። ስንጥቄ ከዓምዱ ጋር ተጣብቃ፣ ዓይኗን ከጉልላቱ ሳትነቅል፣ በሆዷ 'ያ ረቢ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ' ትላለች። አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ረስቶ ሲመለስ ልትጮህበት ምንም አልቀራት። አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ የልጇን ካልሲ ታስተካክላለች። ካልሲ! ከላይ እንደገና ጠቅ አለ። ከእሷ በቀር የሰማ የለም።

በመጨረሻ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ስንጥቄ ወጣች፤ አየሩን ስባ ስባ ተነፈሰች። ግቢው ላይ ሰልፉ እየተደረደረ፣ አዛን እየተባለ ነው። አባቷን በዓይኗ ፈለገች። ነጭ ቆብ በነጭ ቆብ ላይ ነው፤ አልለየችውም።

ጫማ ጠባቂው ባዶ መደርደሪያውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

"አንዱ ጫማውን ትቶ ሄደ። እንዲህ ዓይነቱን ጫማ እኔም ብሆን እተወዋለሁ" አለና አነሳው።

ጥቁር ያረጀ ቆዳ፣ ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ ነጭ የጄሶ ጠብታ የደረቀበት።

"የፈሩት ይደርሳል" የሚባለው እውነት ነው። ስንጥቄ ጫማውን ከሰውየው እጅ ነጥቃ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ያን ያህል ሰው ይዞ የነበረ አዳራሽ ባዶውን ሲሆን እንዴት ይሰፋል! ብርሃኑ በመስኮቶቹ ገብቶ አቧራውን እንደ መጋረጃ አንጠልጥሎታል። አዲሱ ምንጣፍ፣ ሚህራቡ፣ አራቱ ጥጎች፣ ሁሉም በሕይወቷ እንዳላየችው አምሮባቸዋል። ማማሩ ነው ይበልጥ ያስፈራት። ቀና አለች። አባቷ ላይ ነው። መተላለፊያው ላይ ቆሞ፣ ደረጃው ሥር ከቀረው ጄሶ ራሱ የበጠበጠበትን ሳህን በግራ እጁ ደግፎ፣ ፍቃ የተወችውን ምስክር ያለሰልሳል። ታች ሆኖ ስትፍቅ አይቷት ኖሯል፤ ሰው ሲወጣ እሱ ወጣላት፤ ግን ወደ ላይ።

"አባ!" አለች። ድምፅዋ ጉልላቱ ውስጥ ዞሮ መለሰላት፤ ደነገጠችና ዝቅ አደረገችው። "አባ፣ ውረድ። እባክህ ውረድ።"

"ማነሽ? አንቺ ነሽ? ይህን ማን እንደዚህ ቧጨረው? ውሻ ነው ድመት? እስቲ ልጨርስ።"

"በኋላ ትጨርሳለህ። ሰላት እያመለጠህ ነው።"

"ደርሻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።" አጎንብሶ በአፉ እፍ አለበት። ከጎኑ የጡጫ ያህል ጄሶ ተላቆ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ። ዞር ብሎ አየው። "አየሽ? ይኼም አለ። ይህ ሁሉ ሥራ አለ እኮ!"

ወጥታ ልትጎትተው አሰበች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ እሱ ሲያስገድዱት ግትር ነው፤ እዚያ ላይ ግብግብ ቢገጥሙ ሁለቱም ያልቃሉ። 'ሊወድቅ ነው' ብትለው ደግሞ ይስቅባታል፤ 'ሁሉም ይሰነጠቃል' ይላታል። ውጭ ኢማሙ ኹጥባ ጀምረዋል። ምን ብትለው ነው የሚወርደው? ይህ ሰው በሕይወቱ እጁን ከስንጥቅ ላይ አንስቶ የሮጠው ለምን ነበር? ለእናቷ እንኳ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"አባ!" አለች። "ውጭ ባልዲ ሙሉ ጄሶ በጥብጬ ትቼ መጣሁ። ሊጠጥር ነው!"

ስፓቱላው ቆመ።

"ምን አልሽ?"

"ባልዲ ሙሉ። ብቻዬን አልችለውም።"

"አንቺ ልጅ ጤና የለሽም? ጄሶ በጥብጦ ትቶ የሚመጣ ሰው አለ? ጄሶ ይጠብቅሻል? ያስተማርኩሽ ይህን ነው?" እየተሳደበ፣ መከታውን እየተደገፈ መጣ። ደረጃው ላይ እግሩ ሲንሸራተት ይሰማታል። አንድ፣ ያዝ፣ አንድ፣ ያዝ። ወረደ። እጁን ይዛ ጎተተችው፤ አሁን እሱም እየቸኮለ ነው፤ እንደ ሁለት ሌቦች አዳራሹን አቋርጠው በሩ ላይ ደረሱ።

በሩ ላይ ቆመ።

"ጫማዬ።"

"ይኸው ይዤዋለሁ፤ ውጭ ታደርጋለህ።"

"በባዶ እግሬ ጄሶ ልረግጥ?" ብሎ ደፉ ላይ ዘፍ አለና አንዱን እግሩን ዘረጋላት።

ስንጥቄ ተንበረከከች። የጫማው ክር ተቋጥሯል። ከኋላው፣ ከጭንቅላቱ በላይ፣ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ያየችው የጥጉ ጠርዝ ቀስ እያለ ሲጣመም ታያለች። ክሩን ተወችው፤ አባቷን ከነአንድ ጫማው በብብቱ ሥር ይዛ ወደ ውጭ ወረወረችው ማለት ይቀላል። ሁለቱም ግቢው ላይ ተንከባለሉ።

ድምፁ ነጎድጓድ አልነበረም። እንደ ረጅም ትንፋሽ ነበር። ጥጉ ሄደ፤ ከሱ ጋር የቀለበቱ ሩብ፣ ከቀለበቱ ጋር የጉልላቱ ጎን። ከዚያ በበሩ ነጭ አቧራ እየተገፋ ወጥቶ ሰልፉን ሁሉ ሸፈነው። የሚጮኽ ጮኸ፤ የሚያለቅስ አለቀሰ። ቀስ በቀስ አቧራው ሲሰክን ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም በሕይወት። ጫማ ጠባቂው ሁለተኛውን ጫማ ከደፉ ሥር አውጥቶ አቀፈውና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

አባ ልስልስ መሬት ላይ ተቀምጦ በተከፈተው ቀዳዳ ሰማዩን ያያል። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ፤ ስንጥቄ ታውቀዋለች፤ አልፎ አልፎ ጉሙ ገለል ሲልለት የሚመጣ ፊት ነው። የጥንቱ አባቷ፣ ጌታው ለሳኝ፣ ተመልሶ መጣ።

"ምስክር አልነበረበትም?" አለ። ጥርት ባለ ድምፅ።

"ነበረበት፣ አባ።"

"ታዲያ አልተሰበረም?"

"ተሰብሯል።"

"ተሰብሮ ሰው አስገባችሁ?"

"ተደፍኖ ነበር።"

ተነሳ። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ኢማሙ፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ሰዎች፣ ሰጋጁ ሁሉ ከበዋቸው ቆመዋል። የሽማግሌው ጣቶች መሐል ያልደረቀ ጄሶ አለ፤ ስፓቱላውን እንኳ አልጣለውም። ኢማሙ ስፓቱላውን አዩ፤ ከዚያ ስንጥቄን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ዝም አይነቅዝም።

"ማነው የደፈነው?" አለ አባ ልስልስ። "ምስክር የደፈነ እጅ ሬሳ ገነዘ! ይህን ሁሉ ሕዝብ! ይህን ሁሉ ሕፃን! ማነው? ንገሩኝ እኮ ነው የምለው፣ ማነው?"

ስንጥቄ ፊቱን አየችው። እውነቱን ብትነግረው ያምናታል፤ በዚህች ደቂቃ ሁሉንም ይረዳል፤ ይህ ነበር የሚያስፈራው። ሰባ ዓመት በእጁ የኖረ ሰው በእጁ ምን እንዳደረገ ሊያውቅ ነው። ውሸት መስማት የማይችለውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች፦

"እኔ ነኝ፣ አባ" አለች።

ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ ይመታኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም፤ አልመታትም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብቻ ሄደ።

"ከእኔ ልጅ" አለ። "ከእኔ ልጅ ይህን አልጠበቅኩም።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። መሐንዲሱ መጣ፣ ሌላ መሐንዲስ መጣ፤ ስንጥቄ ሥራዋን ለቀቀች። ኢማሙ ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ሰው አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ በሉ" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣቸውም። አባ ልስልስ ደግሞ መርሳቱን ቀጠለ። የመስጊዱን መፍረስ ረሳ። ያ ቀን ጁምዓ መሆኑን ረሳ። ሚስቱን አሁንም ይጠብቃል። አንዳንድ ጠዋት የስንጥቄ ስም ራሱ ይጠፋበታል። አንዲት ነገር ግን አልረሳም፤ ያቺን አእምሮው ከየት እንደያዛት አላህ ይወቅ። የጄሶ ከረጢቱ አጠገብ ስታልፍ፣ እንዳትነካው ተነስቶ ይቆምበታል። ጠያቂ ሲመጣ በእጁ አፉን ከልሎ፣ "ልጄ ናት፣ ደግ ልጅ ናት፤ ብቻ ጄሶ አታስነኳት" ይላል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ይህስ ይቻላል። ስንጥቄን እንቅልፍ የሚነሳት ይህ አይደለም። እሷ የምትፈራው አንድ ቀን ጉሙ ጨርሶ ገለል እንዳይልለት ነው። ሳይናገር እጁን አገላብጦ ሲያይ፣ ያን ጊዜ ጉልላት ሥር የነበረው ፍርሃቷ ይመለስባታል፤ ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መዳፉን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ። ሲያሻሸው፣ ጉንጩ ላይ ሲያደርገው፣ መልሶ ሲያየው። ስንጥቄ ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችው።

"እጄ ለምንድን ነው የሚቀዘቅዘው?" አለ።

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እጁን በሁለት እጇ መሐል አስገብታ ማሸት ጀመረች።

"ብርድ ነው፣ አባ። ብርድ ነው።"

አያት። ከዚያ እጁን ሳይነጥቃት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።